ኪኒኔን ሳላቋርጥ ቲኤስኤች ለምን ወጣ? ስለ አዮዲን፣ አይረንና ሴሌኒየም የምታውቁ እርዱኝ

የሳሪሷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። 36 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሁለተኛውን ከወለድኩ በኋላ ታይሮይድሽ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ሥራው ቀንሷል ተባልኩና ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን 75 ማይክሮግራም ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ያህል ደህና ነበርኩ፣ እንዲያውም በሽታው እንዳለብኝ እየረሳሁት ነበር።

ባለፈው ወር ድካሙ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ሞቆት እኔ ጋቢ እደርባለሁ። ፀጉሬ በማበጠሪያው ሙሉ ይወጣል። ጠዋት ጣቶቼ ስለሚያብጡ ቀለበቴ አልገባ ይለኛል። ስመረመር ቲኤስኤች (አንጎል ታይሮይድን ሥራ የሚያዝበት ሆርሞን፣ ታይሮይድ ሲደክም ከፍ የሚለው) 11.4 ሆኖ ተገኘ። ከስድስት ወር በፊት 2.6 ነበር። ኪኒኑን ደግሞ አንድም ቀን አልዘለልኩም።

ሐኪሙ ወደ 100 እናሳድገው ብሎኛል። እኔ ግን በነዚህ ስድስት ወራት የቀየርኳቸው ነገሮች ስላሉ እሱ ይሆን እንዴ እያልኩ ነው። ደምሽ አንሷል ተብዬ አይረን ጀምሬያለሁ። ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ለታይሮይድ ይጠቅማል ብላ ከባሕር አረም የተሠራ እንክብል ላከችልኝ፣ በቀን ሁለት እወስዳለሁ። ለፀጉሬ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን አለ። ጨው ደግሞ ወደ ሮዙ የሂማሊያ ጨው ቀየርኩ፣ ንጹሕ ነው ስለተባለ። ጎመንም ለታይሮይድ ክልክል ነው ብለውኝ ጾሙን በሙሉ በሽሮ ነው የከረምኩት።

ሁሉንም ያደረግኩት ራሴን ልረዳ ብዬ ነው። የቱ ነው የጎዳኝ?

ፋርማሲ ቤት፦

እህቴ እግዜር ይማርሽ። እስቲ ጠዋት የምታደርጊውን ከነሰዓቱ ጻፊልኝ። ስንት ሰዓት ትነሻለሽ፣ ኪኒኑን በምን ትውጫለሽ፣ ከዚያስ?

የሳሪሷ፦

12 ሰዓት እነሳለሁ። እንዳልረሳ ብዬ የታይሮይዱን፣ አይረኑንና የባሕር አረሙን አንድ ላይ እውጣለሁ። ልጆቹን እያለባበስኩ ቡና እጠጣለሁ፣ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ኪኒኑን የምውጠው በቡናው ነው። ከዚያ ቁርስ።

ፋርማሲ ቤት፦

በቃ፣ አንዱ ምክንያት ይኸውልሽ። አይረን ሆድ ውስጥ ከሌቮታይሮክሲን ጋር ይጣበቃል። ሲጣበቅ ወደ ደም መግባት ትቶ ከሰገራ ጋር ይወጣል። 75 ማይክሮግራም ዋጥኩ ብለሽ ደምሽ ውስጥ የሚደርሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ካልሲየምም እንደዚሁ ነው። የጨጓራ ማስታገሻ ተብለው የሚታኘኩትም፣ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ያለባቸው፣ ያው ናቸው። ቡናም ለብቻው መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል። እኛ አገር ደግሞ ቡና ያልቀመሰ ሰው ጠዋት አይን አይገልጥም፣ ስለዚህ ይህን ለእያንዳንዱ ታካሚ አፍ አውጥቶ መንገር ነው የሚያስፈልገው። ብዙዎቻችን መድኃኒት ሰጪዎች «በባዶ ሆድ» ብለን እናልፋለን። ታካሚው ቡናን ምግብ ነው ብሎ አይቆጥረውም። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ስል ነበር፣ አሁን ግን «በውሃ ብቻ፣ ቡናም ሻይም ሳይነካሽ» እላለሁ።

የታይሮይዱን 12 ሰዓት ላይ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውጪው። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከቻልሽ አንድ ሰዓት ምንም አትቅመሺ። ቡናውም ቁርሱም ከ1 ሰዓት በኋላ ይሁን። አይረኑን ደግሞ በአራት ሰዓት አርቂው፣ ለምሳሌ ከምሳ በፊት አድርጊው። እሱንም በሻይ ወይም በቡና እንዳትወስጂው፣ እነሱ አይረንንም ይይዙታል። ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ግን ያግዘዋል።

አይረኑን ግን እንዳታቆሚ! አደራ። ታይሮይድ ሆርሞን ለመሥራት የሚጠቀምበት ኢንዛይም ራሱ ያለ አይረን አይሠራም። ድካሙና የፀጉር መነቃቀሉ ግማሹ ከደም ማነስሽ ሊሆን ይችላል። የተሳሳተው ሰዓቱ ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም።

የጎጃም ልጅ፦

ይቅርታ በመሀል ልግባና፣ የእኔ ጥያቄ ስለ እናቴ ነው። 62 ዓመቷ ነው። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እንቅርት አለባት። አያቴም ነበረባት፣ አንገቷን የከበበው ሦስት ረድፍ ንቅሳት ለውበት ብቻ አልነበረም፣ እንቅርቱ እንዲሟሽሽ ተብሎ በልጅነቷ እንደተነቀሰች ትነግረን ነበር። አልሟሸሸም። ሰፈራችን ውስጥ እንቅርት የሌለባት ሴት ብትቆጠር ጥቂት ነበረች፣ እንደ በሽታም የሚያየው የለም።

አሁን እህቴ የአዮዲን ጠብታ ከውጭ አስመጥታ ልትሰጣት ነው። በኢንተርኔት አይታ ነው። ሰሞኑን እናቴ ልቤ ይመታል ትላለች፣ ከስታለችም። ጠብታውን ትጀምር?

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወንድሜ ጠብታውን አታስጀምሯት። እባክህ ዛሬውኑ ለእህትህ ደውልላት።

አዮዲን ታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራበት ማዕድን ነው። ለብዙ ዓመት አዮዲን ያጣ እንቅርት ውስጥ ብዙ ጊዜ እባጮች ይፈጠራሉ። አንዳንዶቹ እባጮች የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቁ በራሳቸው ሆርሞን ማምረት ይጀምራሉ። እስከ አሁን የሚገታቸው የአዮዲን እጥረቱ ነው። በድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኙ ሆርሞኑን ያለ ልክ ይለቁታል። በዚያ ዕድሜ ልብ በጣም ሊመታ፣ የልብ ምቱም ሊዛባ ይችላል። አሁንም ጠብታውን ሳትነካው ልቤ ይመታል ማለቷና መክሳቷ ታይሮይዷ ከልክ በላይ እየሠራ እንዳይሆን ያሰጋል። ቀድማ የደም ምርመራ፣ ቲኤስኤችና ቲ4 (ታይሮይድ የሚለቀው ሆርሞን) ታሠራ፣ አንገቷም አልትራሳውንድ ይታይ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል የሰማነውን በእናትህ ላይ እንዳታደርጉት።

የሳሪሷ፣ ላንቺም የምለው አለኝ። የባሕር አረሙን አቁሚው። የሚያስፈራኝ ውስጡ ስንት አዮዲን እንዳለ በእርግጠኝነት አለመታወቁ ነው። የባሕር አረም እንደ ዓይነቱና እንደበቀለበት ባሕር የአዮዲን መጠኑ እጅግ ይለያያል፣ አንዱ እንክብል ለቀን ከሚበቃው ብዙ እጥፍ ሊይዝ ይችላል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ የተቀመጠው ጣሪያ 1,100 ነው፣ አውሮፓ 600። ታይሮይድ አዮዲን ሲበዛበት ሥራውን ይዘጋል። ጤነኛ ሰው ላይ ከቀናት በኋላ መልሶ ይከፍታል። ቀድሞ የታመመ ታይሮይድ ግን እንደዘጋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ለታይሮይድ ብለሽ የጀመርሽው ነገር ያንቺኑ የቀረ ጉልበት እየጨረሰው ሊሆን ይችላል።

ባዮቲኑም ሌላ ጣጣ አለው። ፀጉርን ይጥቀም አይጥቀም ሌላ ነገር ነው፣ የላብራቶሪውን ውጤት ግን ያዛባል። ብዙ የመመርመሪያ ማሽኖች በባዮቲን የሚሠራ ዘዴ ስለሚጠቀሙ ደምሽ ውስጥ የተረፈው ባዮቲን ቲኤስኤችን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። እንግዲህ 11.4 የተባለው እውነተኛው ቁጥር ከዚያም በላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከሚቀጥለው ምርመራ ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት አቁሚው። መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት።

መምህር ዘ ሥነ ምግብ፦

ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ግን ይህን ርዕስ ሳይ ማለፍ አልችልም። 30 ዓመት ያህል ያስተማርኩት ነው።

ልጆቼ፣ ጨውን በተመለከተ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አዮዲን የባሕር ነገር ነው። እኛ ደግሞ የደጋ ሕዝብ ነን። ዝናቡና ጎርፉ ለሺህ ዓመታት አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ሄዷል። አፈሩ ከሌለው ጤፉም፣ ገብሱም፣ ላሚቱም፣ ወተቷም የላቸውም። በተራራማ አገር ሁሉ እንቅርት የበዛው ለዚህ ነው። ስዊዘርላንዶችም የእኛው ችግር ነበረባቸው፣ በ1922 እ.ኤ.አ. አዮዲን ያለው ጨው ጀመሩ። አሜሪካኖች በ1924 ከሚሺጋን ተነሡ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ እስከ 1998 እ.ኤ.አ. የኤርትራ ጦርነት ድረስ የገበታ ጨዋችን በብዛት ከአሰብ በኩል ነበር የሚመጣው፣ አዮዲንም ይገባበት ነበር። ያ ሲቋረጥ ፊታችንን አፋር ውስጥ ወዳለው የአፍዴራ ሐይቅ አዞርን። ሐይቁ ላይ በፀሐይ የሚደርቀው ጨው አዮዲን አልነበረውም፣ ለማስገባትም ዓመታት ፈጀ። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 39.9 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አገኘ። ይህን ቁጥር ክፍል ውስጥ ስጽፈው ሁልጊዜ እጄ ይከብደኝ ነበር፣ ምክንያቱም እንቅርቱ የሚታየው ብቻ ነው፣ የማይታየው የልጁ አእምሮ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆኑ ቤቶች ብቻ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ግን 89 በመቶ ደረሰ። አዮዲን ተገኘበት ማለት መጠኑ ልክ ነው ማለት አይደለም፣ ቢሆንም ትልቅ ሥራ ነው።

ሒሳቡን ደግሞ እዩት። በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊግራም አዮዲን ካለ፣ በ5 ግራም ጨው 150 ማይክሮግራም ታገኛላችሁ። 5 ግራም ማለት የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከዚህ አትለፉ የሚለው የጨው ጣሪያ ነው፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ ግድም። ጨው ማብዛት ሳያስፈልግ ይበቃል ማለት ነው። አንድ ሰው 70 ዓመት ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢጠራቀም 4 ግራም አይሞላም። ይህችን ታህል ነገር ናት ሕዝብን የምታጎብጠው።

የሳሪሷ፣ ሮዙ ጨው መልኩ ያማረ ነው እንጂ አዮዲን አልተጨመረበትም። ልጆችሽም ያንኑ እየበሉ ስለሆነ ለነሱ ስትዪ ቀይሪው።

የድሮ ይሻላል፦

እኔ በዚህ አልስማማም። አባቶቻችን አሞሌ ጨው ልሰው ነው መቶ ዓመት የኖሩት። ፋብሪካ ገብቶ ኬሚካል የተረጨበት ጨው ነው ይሄ ሁሉ በሽታ ያመጣው። እንቅርት እንጂ የታይሮይድ በሽታ የሚባል ድሮ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የጎጃም ልጅ፦

ወንድሜ እኔ የአያቴን አንገት አይቻለሁ። አሞሌ ነው የበላችው። እህል ስትውጥ ያንቃት ነበር፣ በጀርባዋም መተኛት አትችልም ነበር።

መምህር ዘ ሥነ ምግብ፦

«የድሮ ይሻላል» ላሉት ልጄ፣ ጥያቄዎ የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ በአክብሮት ልመልስ። አሞሌ ከዳሎል አካባቢ ተቆርጦ በግመል የሚመጣ ክቡር ነገር ነው፣ ገንዘብም ሆኖ አገልግሏል። ነገር ግን አዮዲን የለበትም። ጨው ላይ የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት በልኩ ሲሆን የባሕር ዓሣ የሚበላ ሰው ከዓሣው የሚያገኘውን አዮዲን ነው የሚተካልን። እንቅርትና የታይሮይድ በሽታ ያልከው ደግሞ ሁለት ነገር አይደለም፣ እንቅርት ማለት ያበጠ ታይሮይድ ነው። ዕጢው አዮዲን ሲያጣ፣ ካለችው ጥቂት ላይ ለመልቀም ብሎ ራሱን ያገዝፋል። ድሮ ስሙን አላወቅነውም እንጂ በሽታውን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። አንድ ቤተሰብ ውስጥ የማይሰማ፣ የማይናገርና ዕድገቱ የቀጨጨ ልጅ ሲወለድ የእርግማን ነው ይባል ነበር። ከነዚያ ልጆች ስንቶቹ እናታቸው በእርግዝና አዮዲን ስላጣች እንደዚያ እንደሆኑ ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

የልጆች እናት፦

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ጨው ሲበስል አዮዲኑ ይጠፋል የሚባለው እውነት ነው? እኔ በርበሬና ሽሮ ሳስፈጭ ጨዉን አብሬ ነው የማስገባው፣ ለዓመት ይቀመጣል።

መምህር ዘ ሥነ ምግብ፦

ልጄ ጥሩ ጠየቅሽ። በሙሉ አይጠፋም፣ ግን ይቀንሳል። የሚቀንሱት እሳት፣ ፀሐይ፣ እርጥበትና ጊዜ ናቸው። ለዓመት የተቀመጠ ሽሮ ውስጥ ስላለው አዮዲን ብዙ አትተማመኚ። ባለቤቴ እንደምታደርገው አድርጊ፦ ሽሮውን ያለ ጨው አስፈጪው፣ ጨዉን ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጊው። ብዙ ቤት ጨው የሚቀመጠው አፉ በተከፈተ ፌስታል፣ ከምድጃው አጠገብ መስኮት ላይ ነው። እንፋሎቱም ፀሐዩም ያገኘዋል። ደግሞም አንዳንዱ ሰው ጨዉን ቆሻሻ አለበት ብሎ አጥቦ ያደርቀዋል። አዮዲኑ የተረጨው ላዩ ላይ ስለሆነ ያኔ ታጥቦ ይሄዳል።

ናታንያ፦

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። እዚህ ጨው ሁሉ አዮዲን ያለው አይምሰላችሁ፣ መደርደሪያው ላይ ፈልጎ መለያውን አንብቦ መግዛት ነው። የምንጠጣውም ውሃ ብዙው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው፣ ሲጣራ አዮዲኑ ይወጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮችና ተማሪዎች አዮዲን እንደሚያንሳቸው አሳይቷል። እኔ ሦስተኛዬን ሳረግዝ ነው የነገሩኝ፣ ሁለቱን ሳላውቅ ነው የወለድኩት። ባሕር ዳር ተቀምጬ አዮዲን ያንሰኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እዚህም እንደዚያው ነው። የአሜሪካ ጨው ሁሉ አዮዲን አለው ብለን እንገዛለን፣ ግን ኮሸር የሚባለው፣ የባሕር ጨውና ሮዙ ብዙ ጊዜ የላቸውም። የታሸገ ምግብ ውስጥ ያለውም ጨው በብዛት ያለ አዮዲን ነው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እህቶቼ የእርግዝና ቫይታሚናችሁን ገልብጡና ጀርባውን እዩ፣ አዮዲን 150 ማይክሮግራም ይላል? ብዙዎቹ ጭራሽ የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ 250 ይላል፣ ቀሪውን ምግቡ ይሞላዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የፅንሱ ታይሮይድ ገና ሥራ አልጀመረም፣ አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። እርግዝናው ሳይታወቅ ጀምሮ ማለት ነው። የታይሮይድ ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ እርግዝናውን እንዳወቃችሁ ወዲያው ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ብዙ ጊዜ መጠኑ መጨመር አለበት።

የሳሪሷ፦

እያነበብኩ ራሴን ይዣለሁ። ሁሉንም ልቀይር ነው። ስለ ጎመኑስ? ሴሌኒየም የሚባለውን ማዕድንስ ልግዛ? ለታይሮይድ ዋናው እሱ ነው የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ።

መምህር ዘ ሥነ ምግብ፦

ጎመንሽን ብዪ። ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና መሰሎቻቸው ታይሮይድ አዮዲን እንዳይወስድ የሚሻሙ ነገሮች አሏቸው፣ እውነት ነው። ግን ይህ የሚጎዳው ሰውየው አዮዲን ሳያገኝ ጥሬውን በብዛት ሲበላ ነው። የእኛ ጎመን ተቀቅሎ ተቁላልቶ ነው የሚበላው፣ እሳቱ አብዛኛውን ያጠፋዋል። አዮዲን ያለው ጨው ካለሽ ጎመን ወዳጅሽ ነው። በእኛ አገር በዚህ በኩል እኔን የሚያሳስበኝ ካሳቫ ነው። በደቡብ አንዳንድ ወረዳዎች ዋና ምግብ ነው። በደንብ ሳይዘፈዘፍና ሳይደርቅ ሲበላ ውስጡ ያለው የሳያናይድ ውሁድ ሰውነት ውስጥ ወደ ታዮሳያኔት ይቀየርና ከአዮዲን ጋር ይሻማል። አዮዲን በጎደለበት አካባቢ እንቅርቱን ያባብሰዋል።

ሴሌኒየምን በተመለከተ፣ አስፈላጊነቱ አያጠራጥርም። ታይሮይድ በብዛት የሚለቀው ቲ4ን ነው፣ አራት አዮዲን አለው። ሰውነት በደንብ የሚጠቀመው ቲ3 ነው፣ ሦስት ያለው። አንዷን አዮዲን ነቅሎ የሚቀይረው ኢንዛይም ሴሌኒየም ይፈልጋል። ሆርሞን ሲሠራ ዕጢው ውስጥ የሚፈጠረው ቃጠሎ የሚበርደውም በሴሌኒየም ነው። ነገር ግን አዋቂ ሰው በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃዋል። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ ውስጥ አለ። እህል ውስጥ ያለው በአፈሩ ይወሰናል። በ2021 ከኢትዮጵያና ከማላዊ በተሰበሰበ እህል ላይ የታተመ ጥናት ያው አንድ ዓይነት እህል እንደበቀለበት ቦታ የሴሌኒየም መጠኑ በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል። ስለዚህ ጤፍ ይህን ያህል አለው ብሎ በደፈናው መናገር አይቻልም። ፊንላንዶች አፈራቸው ሲያንሰው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ማዳበሪያው ላይ ጨመሩበት።

አሁን ልብ በይ። በዛየር፣ የዛሬዋ ኮንጎ፣ አዮዲንም ሴሌኒየምም ያነሳቸው ሰዎች ነበሩ። ተመራማሪዎች ሴሌኒየሙን ብቻ ሲሰጧቸው አንዳንዶቹ ላይ ታይሮይዱ ባሰበት። ያለውን ጥቂት ቲ4 ቶሎ ቶሎ እያስቀየረ ጨረሰው። አንዱን ማዕድን ለብቻው አንሥቶ መዋጥ እንደዚህ ያደርጋል። እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው።

ፋርማሲ ቤት፦

መምህር እንዳሉት ነው። እኔ የምጨምረው፣ ሴሌኒየም ከበዛ ራሱ ፀጉር ይነቅላል፣ ጥፍር ይሰባብራል፣ ትንፋሽም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። የብራዚል ለውዝ ብሉ የሚሉትም አንዷ ፍሬ ብቻዋን የቀኑን መጠን ልታልፍ ትችላለች፣ እፍኝ ሙሉ የሚበሉ ሰዎች አይቻለሁ። ሰውነት በራሱ ታይሮይድ ላይ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርትበት በሽታ ላይ ሴሌኒየም የፀረ እንግዳ አካሉን ቁጥር ሊቀንስ እንደሚችል ጥናቶች አሉ፣ ሰውየው ግን በዚያ ምክንያት የተሻለ ስሜት ይሰማዋል ወይም ኪኒን ይቀንሳል የሚለው ገና አልተረጋገጠም። ሐኪም ለይቶ ካላዘዘልሽ ገንዘብሽን እንቁላል ግዢበት።

ከጅዳ፦

ሰላም። እኔም ኪኒኑን እወስዳለሁ። በረመዳን እንዴት ላድርግ? ከሱሑር ጋር ስወስደው ሁልጊዜ ቲኤስኤች ይወጣብኛል።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ ከሱሑር ጋር ሳይሆን ከሱሑር ቀደም ብለሽ፣ ከቻልሽ ሰዓት ሞልተሽ ተነሺና በውሃ ውሰጂው። ካልሆነ ማታ ስትተኚ፣ ከመጨረሻው ምግብ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ይሻላል። ማታ መውሰድ ጠዋት ከመውሰድ አያንስም። ዋናው በየቀኑ በዚያው ሰዓት መሆኑ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ ክርስቲያን እናቶቻችንም እንደዚሁ ማታ ቢያደርጉት ኪኒኑን አይዘሉም። እናቴን ያስማማኋት በዚህ ነው።

የሳሪሷ (ከሁለት ወር በኋላ)፦

ተመልሻለሁ። ያኔ የጻፋችሁልኝን አትሜ ይዤ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። አነበበውና ስለ አይረኑ ሳልጠይቅሽ ቀርቼ ነው አለኝ። መጠኑን ሳንነካ 75ቱን ይዘን ሰዓቱን እናስተካክል፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ እንየው ተባባልን።

ኪኒኑን አልጋዬ አጠገብ ከውሃ ብርጭቆ ጋር አስቀምጬ ዓይኔን ስገልጥ እውጠዋለሁ። ቡና ከ1 ሰዓት በኋላ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባድ ነበሩ፣ ራሴን አመመኝ፣ አሁን ለምጄዋለሁ። አይረኑ ምሳ ሰዓት ሆነ። የባሕር አረሙንና ባዮቲኑን አቆምኩ። የአክስቴ ልጅ እንዳይከፋት ደውዬ አስረዳኋት፣ እሷም ራሷ ትወስድ ነበር፣ አቁማለች።

ትላንት ውጤቱ መጣ። ቲኤስኤች 3.2። ቀለበቴን አድርጌዋለሁ።

ሮዙ ጨው ከወጥ ቤቴ ወጥቷል። አዮዲን ያለውን ገዝቼ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ አደረግኩት። ሽሮውን ሳማስል ልጄ «እማ ጨው ረሳሽ» ትለኛለች፣ ሊወጣ ሲል ነው እላታለሁ። የጎጃም ልጅ፣ እናትህስ እንዴት ሆኑ?

የጎጃም ልጅ፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ባሕር ዳር ወስጃት ተመረመረች። ነርሷ እንደጠረጠረችው ታይሮይዷ ከልክ በላይ ነው የሚሠራው፣ ቲኤስኤች ከመጠን በታች ወርዷል፣ እንቅርቱ ውስጥም እባጮች ታይተዋል። የሚያበርድላት መድኃኒት ጀምራለች፣ ልቧ አሁን ረጋ ብሏል። ቀዶ ጥገናውን ከሁለት ወር በኋላ እናያለን ብለዋል። ጠብታውን እህቴ ሳትከፍተው ጣለችው።

ስንመለስ እናቴ ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ አንገቷን እያሳየች ስትነግራቸው ነበር። ከአምስቱ ሁለቱ እንቅርት አለባቸው። በሚቀጥለው ሳምንት አንደኛዋን ይዤ እሄዳለሁ።